አማርኛ የማይችል መጠይቅ

ኮሮና ዓለምን በዘጋበት ዓመት የሰው ልጅ በሕይወቱ ያለው እርካታ ብዙም አልተነቃነቀም። የ2021 የዓለም የደስታ ሪፖርት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያስነበበው ይህንን ነው። ጭንቀትና ሐዘን ጨመሩ እንጂ ሰዎች ለሕይወታቸው የሰጡት ነጥብ በአማካይ እንደነበረ ቀረ። ግኝቱ የሰው ልጅ ጽናት ማስረጃ ተደርጎ ተወራ። ማን ተጠየቀ ያለ ግን ጥቂት ነው።

የሪፖርቱ ዋና መለኪያ አሜሪካዊው ሃድሊ ካንትሪል በ1965 ያስተዋወቀው መሰላል ነው። ተጠያቂው ከ0 እስከ 10 የተቆጠረ መሰላል በዓይነ ኅሊናው ይስልና ዛሬ የቆመበትን ደረጃ ይናገራል። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ድርጅት ጋሎፕ ይህን ጥያቄ በየአገሩ ብዙውን ጊዜ ለ1,000 ያህል ሰዎች ያቀርባል። በሳዑዲ ዐረቢያ ናሙናው የአገሬውን ዜጎች፣ ዐረብ ስደተኞችን፣ ከሌሎቹ ደግሞ በዐረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ መመለስ የሚችሉትን ነው ሲይዝ የቆየው። በ2022 ቆጠራ ከአገሪቱ 32.2 ሚሊዮን ነዋሪ 13.4 ሚሊዮኑ የውጭ ዜጋ ነበር። የሳዑዲ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ጥናት ደግሞ 4,004 ተጠያቂዎቹ በሙሉ ሳዑዲዎች ናቸው። ለዜጎች ፖሊሲ ለማውጣት ይህ ያስኬዳል። እንዲህ የጎደለ ናሙና ይዞ «ሳዑዲ ዐረቢያ» በሚል ስም ከፊንላንድ ጋር በአንድ የደስታ ደረጃ ሠንጠረዥ ለመሰለፍ ግን አያስኬድም።

በምዕራብ ሪያድ፣ ከዋዲ ሐኒፋ ብዙም በማይርቀው ባዲዓ ሰፈር ያለች አንዲት የቤት ሠራተኛ እናስብ። ጊዜው ኤፕሪል 2020 ነው፤ ሪያድ ቀንም ሌሊትም ሰዓት እላፊ ታውጆባታል። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ልጆቹ ቤት ናቸው፣ አባወራውም አይወጣም፣ የኩሽናው ሥራ እጥፍ ሆኗል። ስልኳ ይጮኻል። ጠያቂው በዐረብኛ ስለ ሕይወቷ ይጠይቃታል፤ አሠሪዋ ማዳም አጠገቧ ቆማለች። ዐረብኛዋ ለመታዘዝ ይበቃል፤ ኑሮን ለመመዘን ግን ሌላ ዐረብኛ ያስፈልጋል። «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ቁጥር ካልሰጠሽ ብሎ ቢወተውታት፣ 8 ብላ ትገላገላለች።

ጥያቄው በአማርኛ፣ ብቻዋን ሳለች ቢቀርብላትስ? አሁንም መሰላሉ የእሷ ብቻ አይደለም። ደሞዝ ዘግይቶ ለእናቷ ሀዋላ ካልሄደ ደረጃዋ ይወርዳል። በዚያው ኤፕሪል የየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ከሰሜን የመን ወደ ሳዑዲ ድንበር አባረዋል፤ ከተሻገሩት ብዙዎቹ እስር ቤት መታጎራቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች በኦገስት 2020 ይፋ አድርጓል። ከእነሱ መካከል ዘመድ ያላት ሴት ራሷን ከእነሱ ጋር አወዳድራ 7 ብትል አልዋሸችም። ያ 7 ግን የሄልሲንኪው 7 አይደለም።

በቋንቋዋ መጠየቅም ብቻውን አይበቃም። ለዚህ ምስክሩ ከአገር ቤት ይገኛል። ተመራማሪዋ ሻርሎት ሃንሎንና ባልደረቦቿ በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ በወሊድ ሰሞን የሚደርስ የመንፈስ ጭንቀትን የሚለየው የኤደንብራው መጠይቅ በቡታጅራ ገጠር ደካማ ሆኖ ተገኘ። ማርቆስ ተስፋዬና ባልደረቦቹ በ2010 በአዲስ አበባ ጤና ጣቢያዎች ሲፈትኑት ግን በደንብ ሠራ። በአንድ አገር ውስጥ ገጠርና ከተማ ይህን ያህል ከተለያዩ፣ ሪያድና ሄልሲንኪን በአንድ ልኬት ለማወዳደር መቸኮል ድፍረት ነው።

ለወረርሽኝ ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ባለ አምስት ጥያቄ መጠይቅ ከመሰላሉ የተሻለ ይመስላል። የሚጠይቀው ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ነው፤ አንዱ ጥያቄም ከእንቅልፍ ስትነሡ እረፍት አግኝታችሁ ነው ወይ የሚል ነው። የባዲዓዋ ሠራተኛ ለመሰላሉ የይሉኝታ መልስ ልትሰጥ ትችላለች፤ እንቅልፏን በተመለከተ ግን መልሱን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። መጠይቁ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ተዘጋጅቶ በስደተኛ ሠራተኞች መካከል ይፈተን፤ ጥሪውም አሠሪ በሌለበት ሰዓት ይደረግ። እስከዚያ የደረጃ ሠንጠረዥ የሚያትሙ ተቋማት በቋንቋ ምክንያት ያልተጠየቁት ምን ያህል እንደሆኑ ከአገሩ ስም ጎን፣ በዚያው የፊደል መጠን ይጻፉ።