ፀሐይን ማሳደር

ቤት ማሞቅና ማቀዝቀዝ ሥራዬ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ስልኬ ሲጠራ ጥያቄው አንድ ነው፤ ጥሩ ሂተር የቱ ነው? የካቲት አልፎ መጋቢት ሲጋመስ ደግሞ የኤሲ ዋጋ መጠየቅ ይጀመራል። ደዋዩ ብዙ ጊዜ ያው ሰው ነው፤ ቤቱም ያው ቤት ነው። አዲስ አበባ፣ ቤቴል ሰፈር ውስጥ ሌሊት የሚያንቀጠቅጠው ሳሎን ከሰዓት በኋላ የሚያፍነው ያው ሳሎን ነው። ሰዎች ሁለት ችግር ያለባቸው ይመስላቸዋል፤ ሁለት ማሽን ሊገዙም ገንዘብ ያዘጋጃሉ። እኔ ግን ከሁለቱ በፊት መሰላል አስመጥቼ ኮርኒሱን ከፍቼ አያለሁ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጦር ኃይሎች አልፎ ወደ ወጨጫ አቅጣጫ የሚገኘው ቤቴልም ብርዱን ከቀሪው ከተማ ጋር ይጋራል። በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ 23 ዲግሪ አካባቢ የነበረው አየር ንጋት ላይ ወደ 8 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። አማካዩ 15 ወይም 16 ዲግሪ ቢሆን ነው። በዚያ ላይ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ፣ የምድጃው ሙቀት፣ የሰዎቹም ገላ (አንድ ቁጭ ያለ ሰው ብቻውን 100 ዋት ያህል ይሰጣል) ሲደመር ያለ ምንም ሂተር 20 ዲግሪ መድረስ ይቻላል። ከዚህ ሥራ የያዝኩት እምነት ይኸው ነው፤ የአዲስ አበባ ቀን ለአዲስ አበባ ሌሊት የሚበቃ ሙቀት አለው። የጎደለን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የተትረፈረፈውን እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት የሚያቆይ ቤት ነው።

ከተማዋ ራሷ ሙቀት ፍለጋ የተቆረቆረች ናት ማለት ይቻላል። የእንጦጦ ብርድ የጠናባቸው መኳንንት ወደ ፍል ውሃ ይወርዱ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም በ1879 ዓ.ም. ፍል ውሃው አጠገብ ቤት ማሠራታቸው ለአዲስ አበባ መነሻ ሆነ። ቆይቶ የማገዶ እጥረት ከተማዋን ሊያስለቅቃት ደርሶ፣ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ነበር። ከዚያ ጣጣ ያወጣት ባሕር ዛፍ ነው። ፍል ውሃ፣ ማገዶ፣ ከሰል፣ አሁን ደግሞ ኤሌክትሪክ፤ ሁሉም ከሌላ ቦታ የሚመጣ ሙቀት ነው። የመጣው ሙቀት በየት በኩል ይወጣል ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የጭቃ ቤት ይህን ጥያቄ በራሱ መንገድ መልሶት ነበር። ከጭድ ጋር ተቦክቶ በወፍራሙ የተመረገ ግድግዳ ቀን ሙቀቱን እየጠጣ ማታ ይመልሰዋል፤ እንደዚህ ያለ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ቀን ቀዝቀዝ፣ ማታ ሞቅ ማለቱን ያስታውሳል። ዛሬ የምንሠራበት ብሎኬት 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም ውስጡ ባዶ ነው። የሚይዘው ሙቀት ትንሽ፣ የሚያሳልፈው ብዙ ነው። ወደ ጭቃ ቤት እንመለስ አልልም፤ ምስጡንም የዓመት ዓመት ምርጊቱንም አውቀዋለሁ። ነገር ግን 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ድፍን የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ግድግዳ ከውጭ የተቀበለውን ሙቀት ወደ ውስጥ ለማድረስ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይፈጅበታል። የእኩለ ቀኑ ፀሐይ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ሳሎን ይደርሳል ማለት ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ፌሊክስ ትሮምብ እ.ኤ.አ. በ1967 በፒሬኔ ተራሮች፣ ኦዴዮ በተባለ መንደር፣ ጥቁር የተቀባ ወፍራም ግድግዳ ፊት መስታወት አቁሞ ቤት ያሞቀው በዚሁ ስሌት ነው። የእኛ የታኅሣሥ ሰማይ ከእሱ የክረምት ሰማይ ይልቅ ለዚህ የተመቸ ነው። ድንጋዩም በደጃችን ነው።

አብዛኛው ደንበኛዬ ግን ቤቱን ሠርቶ ጨርሷል። ግድግዳውን ማወፈር ስለማይቻል ከጣሪያው እጀምራለሁ። ቆርቆሮ ቀን እጅ አያስነካም፤ ሙቀቱንም በጨረር ወደ ታች ይለቃል። ማታ ደግሞ ጥርት ወዳለው ሰማይ ሙቀቱን እየረጨ ከአካባቢው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ኮርኒስ ላይ የእርጥበት ክብ የሚታየው ለዚህ ነው፤ የቤቱ ትንፋሽ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ባለቤቱ ቆርቆሮው ቀዳዳ አለው ብሎ ሚስማር ያስመታል፤ በሳምንቱ ያው ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። አንደኛ፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ በሁለት ጫፍ እንዲተነፍስ አደርጋለሁ፤ የቀኑ ግለት በዚያ ይወጣል፣ እርጥበቱም ይደርቃል። ሁለተኛ፣ ኮርኒሱ ላይ ፋይበር ግላስ ወይም ፎም ይነጠፋል። ፎም ከተመረጠ የኤሌክትሪክ ገመዱ ሁሉ አስቀድሞ በኮንዲዩት ውስጥ መግባት አለበት፤ ፎም ባለበት በእሳት አይቀለድም። ሦስተኛ፣ የሚያብረቀርቅ አልሙኒየም ፎይል ከቆርቆሮው ሥር ይዘረጋል፤ የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ታች፣ ወደ ባዶው አየር ማየት አለበት። ወደ ላይ ያየ ፎይል በአንድ በጋ አቧራ ለብሶ ሥራውን ያቆማል። ከእነዚህ አንዱም ሙቀት አያመርትም። ጋቢም አያመርትም፤ የለባሹን ግን ያስቀርለታል።

ከጣሪያው ቀጥሎ ክፍተት ነው። የላሜራ በርና መስኮት ከፍሬሙ ጋር እምብዛም አይገጥምም፤ አሉሚኒየሙም ተንሸራታች ከሆነ መሐሉ ላይ ንፋስ ያስገባል። ለፍተሻ ውድ መሣሪያ አያስፈልገኝም። ምሽት ላይ ንፋስ ሲነሳ ዕጣን አጭሼ በየበሩ ሥርና በየመስኮቱ ጥግ እዞራለሁ፤ ጭሱ በተጠመዘዘበት ላይ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። በማግሥቱ በጎማና በሲሊኮን ይዘጋል። ከጠቅላላው ሥራ ርካሹ ይህ ነው፤ ነዋሪውም ለውጡን በዚያው ሌሊት ያውቀዋል።

ነገር ግን ከሰል የሚገባበትን ቤት አልደፍንም። የከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ነበልባሉ ጠፍቶ አመድ የለበሰው ፍም እንኳ በተዘጋ መኝታ ቤት ሰው ይገድላል። ቀዳዳ የበዛበት ቤት ሳያውቀው ሰው ሲያተርፍ ኖሯል፤ እኔ ስደፍነው ያ መትረፊያ ይቀራል። ስለዚህ ከሥራው በፊት ስምምነት አለኝ፤ ከሰል ቤት ውስጥ አይገባም። አንዲት እናት በዚህ ነገር ተቆጥተውኝ ነበር።

«ልጄ፣ ከሰሉን ከነጠቅኸኝ ቡናውን በምን ላፍላው?»

«እማማ፣ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላል፤ ጀበናው ብቻ ይግባ። ፍሙ ውጭ ይደር።»

በረንዳውን በቀርከሃ ከለልንላቸው፤ አሁን ጎረቤቱ ሁሉ እዚያ ነው የሚሰበሰበው። መኝታ ቤት ከሰል ማስገባት ግን ድርድር የለውም። እምቢ ካሉኝ ጣሪያውን ሠርቼ ክፍተቱን ሳልነካ እወጣለሁ።

መስኮት ላይ የቤቴል ቤቶች ብዙ ይጎዳሉ። አዲሶቹ ጂ ፕላስ ዋን እና ጂ ፕላስ ቱ ቤቶች መስታወታቸውን የሚያዞሩት ወደ መንገዱ ነው፤ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትሄድ የሚጠየቅበት ጊዜ የለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ በታኅሣሥ 12 አካባቢ የእኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል 58 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ትሆናለች፤ በመጋቢት 11 አካባቢ 81 ዲግሪ ትደርሳለች። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ይህ ለግንበኛ ትልቅ ስጦታ ነው። ወደ ደቡብ ያየ፣ ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ መስኮት ላይ 50 ሴንቲ ሜትር የወጣ ክዳን ቢሠራ፣ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ጥላው 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይወርዳል፤ የቀረው መስታወት ፀሐይ ይገባበታል። በመጋቢት ግን ጥላው ከሦስት ሜትር ስለሚያልፍ መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ይጠለላል። ማንም ሳይነካው፣ ያለ መብራት፣ ያው ክዳን በብርድ ወር ያሞቃል፣ በሙቀት ወር ያቀዘቅዛል።

ምዕራብ እንዲህ አይገራም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከክዳኑ ሥር ስለምትገባ አግድም ጥላ አይመልሳትም። በየካቲትና በመጋቢት ከ9 ሰዓት ጀምሮ ሳሎኑን የምትጠብሰው እሷ ናት፤ በታኅሣሥ ደግሞ የማታውን ሙቀት የምታመጣውም እሷው ናት። ስለዚህ መፍትሔው የሚነሳና የሚወርድ መሆን አለበት። ከመስታወቱ ውጭ የሚንጠለጠል የቀርከሃ መጋረጃ እመርጣለሁ። ውስጥ የተሰቀለ መጋረጃ ፀሐይዋን የሚያገኛት መስታወቱን ካለፈች በኋላ ነው። የውስጡ ወፍራም መጋረጃ ሥራው ሌላ ነው፤ ምሽት 12 ሰዓት ሲሆን ተዘግቶ የቀኑን ሙቀት ያስቀራል። በሙቀት ወራት ልማዱ ይገለበጣል፤ ቀን ይዘጋል፣ ሌሊት ከፍ ያለው መስኮት ተከፍቶ ግድግዳው ይቀዘቅዛል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚበርደው ቤት አለ፤ አዛውንት ወይም አራስ ያለበት፣ ክረምቱን ሙሉ ፀሐይ የማያይ የኮንዶሚኒየም ምድር ቤት። ያኔ ማሽን ይገባል። ሁለት ኪሎዋት የሚስብ ተራ ሂተር በየምሽቱ ለ5 ሰዓት ቢሠራ 10 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 300 ይበላል። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ስለሚያስወድድ፣ ሂተሩ ብቻውን ቤቱን ወደ ውድ እርከን ይገፋዋል። ሞቃትና ቀዝቃዛ የሚሠራ ኢንቨርተር ኤሲ ሙቀትን ከውጭ አየር ቀድቶ ስለሚያስገባ፣ በአንድ እጅ መብራት ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ይሰጣል። ሲመረጥ ግን የእኛ አየር ስስ መሆኑን ማስታወስ ያሻል፤ ጥግግቱ የባሕር ጠረፍ አየር ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የውጪው ዩኒት ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ያንሳል፤ ጅቡቲ ላይ የሚበቃው ማሽን እዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ያህል አይሰጥም። ከሻጭ ጋር ስከራከር የምውለው በዚህ ነው። ከኅዳሴ ግድብ የሚመጣው ኃይል ቢበዛም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ያው ነው፤ ምሽት ላይ ምጣድ፣ ቦይለርና ሂተር በአንድ ጊዜ ሲጎትቱት ቮልቴጁ ይወርዳል።

የገላ መታጠቢያ ውሃ ላይ ግን ጥርጥር የለኝም፤ ሥራው የፀሐይ ነው። 100 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 50 ዲግሪ ለማድረስ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ አዲስ አበባ ላይ አንድ ካሬ ሜትር በቀን በአማካይ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ፀሐይ ስለሚቀበል ሁለት ካሬ ሜትር ሰብሳቢ ይበቃል። ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጌ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ አዘነብለዋለሁ፤ ለብርድ ወራት ፀሐይ እንዲመች ነው። የቀዝቃዛ ውሃው ሮቶ ከሶላሩ ታንከር በላይ መቀመጥ አለበት። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር አንድ ደንብ አጥብቄ እናገራለሁ፤ የሰብሳቢው የመስታወት ቫኪዩም ቱቦ ባዶውን ፀሐይ ላይ ከዋለ፣ ውሃ ሲመጣ ቀን አይሞላም። የጋለ መስታወት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ማታ ወይም ጎህ ሳይቀድ ይሞላ።

በዚህ ሙያ አንድ የሚከነክን ነገር አለ። ትርፉ ያለው ማሽን መሸጥ ላይ ነው፤ ጎማ ለጥፎ፣ ፎይል ዘርግቶ፣ ክዳኑን በ50 ሴንቲ ሜትር አውጣው ብሎ ለሚሄድ ሰው የሚከፈል የተለመደ ዋጋ የለም። ስለዚህ ከማሽን የማተርፈውን ትቼ ለምክር ማስከፈል ጀመርኩ። መጀመሪያ የሚገረም አለ፤ «አይተህ ብቻ ለመናገር ነው የምትከፈለው?» የሚለኝም አልጠፋም። ሂሳቡን ግን በወረቀት አሳያለሁ፤ ቆርቆሮው ሳይመታ የተጠራሁበት ቤትና ቀለም ከተቀባ በኋላ የተጠራሁበት ቤት የሚያወጡት ገንዘብ አይገናኝም። ቤቴልን አልፎ እስከ ዓለም ባንክና ወለቴ ድረስ ዛሬም መሠረት የሚያወጣ ብዙ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከሆኑ፣ ፕላኑን ለማጸደቅ ከማስገባትዎ በፊት አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ቦታው ላይ ይዋሉ፤ ፀሐይዋ የት እንደምትወጣና የት እንደምትገባ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ መኝታ ቤቱንና ሳሎኑን ከዚያ በኋላ ያስቀምጡ። ለዚያ የሚከፈል የመብራት ሂሳብ የለም።