መጠንና ፊደል ሲቃረኑ፦ የጥንት የአየርላንድ ሳንቲሞችን ስለ መለየት

የጥንት ሳንቲም የሚያጠና ሰው በቅድሚያ ወርዱን ይለካል፤ ቀጥሎ ዙሪያውን የተቀረጸውን ጽሑፍ ያነባል። መጠኑ ዋጋውን፣ ጽሑፉ ያስቀረጸውን ገዥ ይነግረዋል ተብሎ ይታመናል። በአየርላንድ ሳንቲሞች ላይ ግን ይህ እምነት ደጋግሞ ይከሽፋል። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ፣ መጠንና ፊደል ሲስማሙ ከሚሰጡት ምስክርነት ይልቅ ሲቃረኑ የሚሰጡት ይበልጣል የሚል ነው (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

በ995 ገደማ የደብሊኑ የኖርስ ንጉሥ ሲትሪክ የብር ፔኒ ማስቀረጽ ሲጀምር የእንግሊዙን ንጉሥ የኤቴልሬድን ሳንቲም ቀዳ። ከቀደሙት መካከል የሲትሪክን ስም የያዙ አሉ፤ የኤቴልሬድን ስም ከደብሊን ጋር ያጣመሩም አሉ። የንጉሡን ስም ብቻ አንብቦ «የእንግሊዝ ነው» የሚል ሰው ይሳሳታል። ቅጂ ከቅጂ ሲቀዳ ፊደላቱ ትርጉም አልባ ጭረት ሆኑ፤ ሳንቲሙም ቀለለ። ስለዚህ የማይነበብ መሆኑ ራሱ የኋለኛው ዘመን ማስረጃ ነው።

በሄንሪ 8ኛ ዘመን ደግሞ መጠኑ ዝም ሲል ፊደሉ ይናገራል። ከ1534 ጀምሮ በወጣው ግሮት የተባለ ባለ በገና ሳንቲም ላይ፣ በበገናው ግራና ቀኝ የንጉሡና የንግሥቲቱ ስም መነሻ ፊደላት ቆመዋል፦ «ኤች» ከአን ቦሊን «ኤ»፣ ከጄን ሲሞር «አይ» ወይም ከካትሪን ሃዋርድ «ኬ» ጋር። እነዚህ ጥንዶች ሳንቲሙን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይወስኑታል። በ1541 የአየርላንድ ፓርላማ ሄንሪን ከ«ጌታ» ወደ «ንጉሥ» ካሳደገው በኋላ የማዕረጉ ጽሑፍም ተለውጧል።

ትልቁ ፈተና ግን «የመድፍ ገንዘብ» የሚባለው ነው። በ1689 ዙፋኑን ለማስመለስ አየርላንድ የገባው ጄምስ 2ኛ ብር ስላጠረው አሮጌ መድፍ፣ ደወልና የናስ ዕቃ እያስቀለጠ ሳንቲም አስቀረጸ። በእያንዳንዱ ላይ የወሩ ስም ተጽፏል፤ ዋጋውም በሮማ ቁጥር ሰፍሯል፦ 6፣ 12 ወይም 30 ፔንስ። ዓመቱ የሚለወጠው መጋቢት ላይ፣ በማርች 25 ቀን ስለነበር፣ «ጃንዋሪ 1689» የሚለው ሳንቲም ከ«ዲሴምበር 1689» በኋላ የወጣ ነው፤ «ማርች 1689» እና «ማርች 1690» የሚሉትም የአንድ ወር ሥራ ናቸው። መስከረም ላይ ዓመት ለሚለውጥ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም፤ ጃንዋሪን መነሻ ያደረገ ግን ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል።

መጠኑም እንዲሁ ያሳስታል። በ1690 ናሱ ሲያጥር ባለ 12ቱና ባለ 30ዎቹ ዋጋቸው ሳይነካ አነሱ። ትልልቆቹ ባለ 30 ሳንቲሞች ተሰብስበው እንደገና ተመቱና የ60 ፔንስ ክራውን ሆኑ። በ1691 ደግሞ በተከበበችው ሊመሪክ ትልልቆቹ ባለ 12 ሳንቲሞች ወደ ግማሽ ፔኒ ወረዱ። ያው ናስ ዋጋው ወደ 24ኛ እጁ ወረደ ማለት ነው። መለኪያ ይዞ የቀረበ ሰው እዚህ የሚያገኘው የቀድሞውን ዋጋ ነው፤ የአሁኑን የሚነግረው ከላይ የተመታው ጽሑፍ፣ የሽግግሩን ታሪክ የሚነግረው ደግሞ ከሥሩ ብቅ የሚለው የቀድሞው ፊደል ነው።

በ1928 ነፃው የአየርላንድ መንግሥት ያወጣቸው ሳንቲሞች ይህን ቅራኔ አስበውበት የያዙ ናቸው። መጠናቸው የብሪታንያን ይከተላል፤ በአይሪሽ የፊደል ቅርጽ የተጻፈው የመንግሥቱ ስምና ንጉሥ የሌለበት ገጽ ግን መለየትን ያውጃሉ። ስለዚህ ሳንቲሞችን አስቀድሞ በመጠን የሚከፋፍል መዝገብ የፖለቲካውን ግማሽ ይሰውራል። መጠንና ፊደል ለየብቻ ተመዝግበው፣ አለመስማማታቸው ራሱን የቻለ ዓምድ ሊሰጠው ይገባል።