«አዲስ ቀለም የተቀባ»፦ የአንድ ማስታወቂያ ንባብ

በሀርጌሳ፣ በዳሚ ሰፈር ሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ ግል አውሮፕላን ማውራት ለጊዜው ያስቅ ይሆናል። ሆኖም ገንዘብ አዋጥተው ለንግድና ለቤተሰብ ጉዞ ያገለገለ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ለመግዛት የሚመክሩ ነጋዴዎች ያመጡት የሽያጭ ማስታወቂያ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር፣ ለዚህም ጸሐፊ ደርሶታል። ማስታወቂያም እንደ ማንኛውም ድርሰት ይተቻል፤ በተለይ የሰው ሕይወትና የብዙ ዘመን ጥሪት የሚታመንበት ሲሆን።

ማስታወቂያው ሦስት ነገሮችን ያወድሳል። የመጀመሪያው «ሁለት ሞተር ስላለው ሥጋት የለም» የሚለው ነው። አንባቢው ግን የት ሆኖ እንደሚያነበው ሊዘነጋ አይገባም። የሀርጌሳ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,300 ሜትር፣ ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። አየሩ ሲሳሳና ሲሞቅ የሞተርም የክንፍም ጉልበት ይቀንሳል። አንዱ ሞተር ሲቆም የሚጠፋው ግማሹ ኃይል ቢሆንም፣ ወደ ላይ ለመውጣት የሚተርፈው አቅም ግን ከግማሽ እጅግ ያንሳል። ሙሉ ጭነት የያዘ አነስተኛ የፒስተን አውሮፕላን ጭራሽ ከፍታ መጨመር ሊሳነው ይችላል።

ሁለተኛው ውዳሴ «የበረረው ሰዓት ጥቂት ነው» ይላል። ለረጅም ጊዜ ቆሞ የኖረ ሞተር ውስጡ ሊዝግ እንደሚችል ግን አይናገርም። የክፍሉ የአየር ግፊት የሚጠበቅለት አውሮፕላን ደግሞ በእያንዳንዱ በረራ አካሉ እንደ ፊኛ ጥቂት ይነፋል፤ ሲወርድም ይሟሽሻል። ስለዚህ ብረቱን የሚያደክመው ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን የመነሣትና የማረፉ ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በሃዋይ ደሴቶች መካከል ይመላለስ የነበረ ቦይንግ 737 ከ89 ሺህ በላይ በረራዎች ካደረገ በኋላ ጣሪያው በአየር ላይ ተገንጥሎ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሕይወቷን አጥታለች። አጫጭር በረራና የባሕር ጨው ተባብረው ያደረሱት ጉዳት ነበር። በርበራ ለምትጎራበት ከተማ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ሦስተኛው «አዲስ ቀለም የተቀባ» የሚለው ነው። ቀለም ያሳምራል፤ ዝገትንም ይሸፍናል።

እንዲህ ሲባል ያገለገለ መግዛት ነውር ነው ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው ከጦርነት በተረፉ ባለ ሁለት ሞተር ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበር። ልዩነቱ አውሮፕላኖቹ ብቻቸውን አለመምጣታቸው ነው፤ ቲ ደብሊዩ ኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገው ውል አብራሪውም መካኒኩም አብረው መጡ። የተገዛው ብረት ብቻ ሳይሆን ብረቱን የሚጠብቅ ዕውቀት ጭምር ነበር።

የማስታወቂያው ትልቁ ጉድለት እንግዲህ ዝምታው ነው። የጥገና መዝገቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተሟላ ስለመሆኑ፣ ማን እንደሚጠግነው፣ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ አንዲት ቃል አይተነፍስም። የፒስተን ሞተር የሚፈልገው የአቪዬሽን ቤንዚን በብዙ የአፍሪካ ኤርፖርቶች እንደማይገኝ፣ እንደ ኪንግ ኤር ያሉ ተርቦፕሮፖች ግን ትልልቆቹ ጄቶች በሚቀዱት ነዳጅ እንደሚበሩ አይነግረንም።

ገዢ ሆይ፣ ከማስታወቂያው ይልቅ መዝገቡን አንብብ፤ መርማሪውንም ሻጩ ሳይሆን አንተው ቅጠር። ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ ይላሉ አበው። ከመሬት ከተነሡ በኋላ ሥሩን መፈለግ አይቻልምና።