ገመዱን ማን ፈተለው?

«አክሱም የባሕር ኃያል ነበረች» ማለት እንወዳለን። እስቲ ከመርከበኞቿ የአንዱን ስም ጥሩልኝ! አፄ ካሌብ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ባሕር ተሻግሮ የመን እንደዘመተ ተማሪው ሁሉ ያውቃል። የዚያን ዘመን ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ ግን የዚያ ባሕር ጀልባዎች በሚስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፉ እንደነበሩም ጽፏል። ገመዱን የፈተለው ማነው? መጽሐፎቻችን አይጠይቁም።

በኤርትራ ጠረፍ፣ በብላክ አሳርካ ደሴት አጠገብ የሰጠመ ጥንታዊ የንግድ መርከብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ጠላቂ አርኪዮሎጂስቶች ገብተው አጥንተውታል። ያገኙት የንጉሥ ዘውድ አይደለም፤ እንስራ ነው። አክሱም ከተማ ከተገኘው፣ በጥንቷ አይላ፣ በዛሬዋ አቃባ፣ ይሠራ ከነበረው ዓይነት ነው። በሞቃት ባሕር እንጨቱን ትል ይበላዋል፤ ሸክላው ይተርፋል።

ነገሩ የጥንት ብቻ መስሏችሁ እንዳይሆን። እዚህ ዋጃ፣ የራያን ማሽላ በጀርባው ተሸክሞ አይሱዙ ላይ የሚጭነውን ጎረምሳ ማን መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል? ነገ ስለ ዘመናችን ሲጻፍ መንገዱን መርቆ የከፈተው ባለሥልጣን ይጠቀሳል፤ ጫኙ ይቀራል።

ባሕሩ እንኳ የነጋዴውን እንስራ አቆይቶልናል። እኛ በብዕራችን ያቆየነው ንጉሡን ብቻ ነው።