«ዘር» እና የዘመኑ ምርምር፦ በአንድ ቃል ላይ የቀረበ ሒስ

ከሕክምና፣ ከሥነ ሕይወት፣ ከኅብረተሰብና ከባህል ጥናት የሚገኙ የምርምር ውጤቶች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ተርጓሚውን የሚያስቸግሩት ያልታወቁ ቃላት ብቻ አይደሉም። ላልታወቀው ቃል መዝገበ ቃላት ይገለጣል፤ ባለሙያ ይጠየቃል፤ ካልሆነም ቃሉ እንዳለ ይወሰዳል። ይበልጥ የሚያሳስተው ሁሉም የሚያውቀውና ከዚህም የተነሣ ማንም ትርጉሙን የማይመረምረው ቃል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከዚህ ወገን የሆነውን «ዘር» የተባለውን ቃል ነው። ቃሉ በዛሬው የምርምር አማርኛ ቢያንስ አምስት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦችን ተሸክሞ እናገኘዋለን፤ እነርሱም የባሕርይ ውርስ፣ ጂን፣ የሰው ልጆች በቀለምና በመልክ መከፋፈል፣ ብሔረሰብ፣ እንዲሁም የትውልድ ሐረግ ናቸው። ሸክሙ ከቃሉ አቅም በላይ መሆኑን፣ ጉዳቱም ከቋንቋ አልፎ በሰው ኑሮ ላይ የሚደርስ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

፩. ቃሉ በገዛ ቤቱ

«ዘር» ከግእዙ «ዘርዐ» ጋር የሚዛመድ፣ የመጀመሪያ ትርጉሙም ገበሬ በእርሻው ላይ የሚበትነው ፍሬ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ልጅ፣ ወደ ትውልድና ወደ ወገን ተሻግሯል። «ዘር መቁጠር» እና «ዘር ማንዘር» የሚሉት አነጋገሮች ይህን ያሳያሉ። የግእዝ ሰዋስው መምህራንም ከግሥ የሚወጡትን ስሞች «ሳቢ ዘር»፣ «ጥሬ ዘር» እያሉ በዚሁ ቃል ይጠሯቸዋል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው ምሳሌ አንድ ነው፤ ይኸውም የሚወጣው ነገር ምንጩን ይመስላል የሚል ነው። ጤፍ የዘራ ጤፍ እንጂ ገብስ አያጭድም።

እንግዲህ «ዘር» በውስጡ ሁለት ያልተነገሩ ፍርዶችን ይዟል። አንደኛው እርግጠኝነት ነው፤ የተዘራው መብቀሉ፣ የበቀለውም ዘሩን መምሰሉ አይቀርም። ሁለተኛው ጠቅላላነት ነው፤ አንዱ የተገኘበት ነገር የወገኑ ሁሉ ነው። ለእርሻና ለትውልድ ቆጠራ እነዚህ ፍርዶች ይስማሙ ይሆናል። የዘመኑ ሥነ ሕይወት የሚለው ግን ብዙ ጊዜ የእነዚህን ተቃራኒ ነው።

፪. «በዘር የሚመጣ በሽታ»

ለዚህ ማስረጃ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን የእግር እብጠት በሽታ እንውሰድ። ሕዝቡ በልማድ ዝሆኔ ከሚላቸው በሽታዎች አንዱ ነው፤ ሆኖም ትንኝ በምታስተላልፈው ትል ምክንያት ከሚመጣው ዝሆኔ የተለየ ነው። ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት በሽታው በደጋማ ቦታ ከሚገኝ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከተፈጠረ ቀይ አፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ በኩል እየገቡ ውለው አድረው እግርን ያሳብጣሉ። ስሙንም «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉት የግሪክኛ ቃላት ያበጁት እርሳቸው ናቸው።

ነገር ግን በአንድ አፈር ላይ በባዶ እግር ከሚሄዱት መካከል የሚታመሙት ሁሉም አይደሉም። በደቡብ ኢትዮጵያ ቤተሰቦች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ለበሽታው ያለውን የተወራሽነት መጠን 63 በመቶ አድርጎ ገምቶታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ 194 ሕሙማንን ከ203 ጤነኞች ጋር በማነጻጸር፣ ተጋላጭነቱ ከሰውነት መከላከያ ሥርዐት ጋር ግንኙነት ባለው የጂኖች ክልል ካሉ ልዩነቶች ጋር መያያዙን አሳይቷል። የምርምሩ ቃል እንግዲህ ይህ ነው፦ የሚወረሰው ተጋላጭነት ነው፤ በሽታውን የሚያመጣው አፈሩ ነው፤ ጫማና የእግር ንጽሕና ይከላከሉታል።

ይህ ሁሉ «በሽታው በዘር የሚመጣ ነው» ተብሎ ቢተረጎም ምን ይሆናል? ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም። መዝገበ ቃላትም ላይከስሰው ይችላል። አንባቢው የሚያገኘው መልእክት ግን ተገልብጧል። አፈሩ ጠፍቷል፤ ጫማው ጠፍቷል፤ የቀረው ዘሩ ብቻ ነው። ዘር ከሆነ ደግሞ የማይቀር ነው፤ የወገኑም ሁሉ ነው። በዚሁ አካባቢ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የኅብረተሰብ ጥናት እንዳመለከተው፣ መገለሉ ከሕሙማኑ አልፎ ጤነኛ ለሆኑት የቤተሰብ አባላት ተርፏል፤ ምርምሩ በሽታውን ከውርስ ጋር ሲያያይዘው መገለሉ ይብስብናል የሚል ሥጋትም ነበር። ለጋብቻ ዘር በሚቆጠርበት አገር ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም። አንድ ቃል የአንዲትን ጤነኛ ልጅ ትዳር ሊያስቀር፣ የአንድን ሕፃን ጫማም «ምን ሊጠቅም» ሊያሰኝ ይችላል።

የ63 በመቶውም አሃዝ ከዚህ ስሕተት አይድንም። «የዘር ድርሻው 63 በመቶ ነው» ሲባል አንባቢው ከመቶ የቤተሰቡ ልጆች 63ቱ ይታመማሉ ብሎ ሊረዳ ይችላል። አሃዙ ግን ስለ አንድ ሰው ዕድል አይናገርም። በተጠናው ሕዝብ መካከል ለሚታየው የተጋላጭነት ልዩነት ከውርስ ልዩነት የሚመነጨውን ድርሻ ብቻ ይገምታል። ስለዚህ «የተወራሽነት መጠን» የሚለውን እንመርጣለን፤ ቃሉ በመጀመሪያ ሲገኝም የአንድ ዐረፍተ ነገር ማብራሪያ እንዲታከልበት እናሳስባለን።

፫. ዐረፍተ ነገሩ ራሱን ሲበላ

ሁለተኛው ጉዳት ጽንሰ ሐሳቦችን ማደባለቅ ነው። ሪቻርድ ሌዎንቲን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ በሰው ልጆች መካከል ካለው የጂን ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ግለሰቦች መካከል የሚገኝ መሆኑን አሳይተዋል። ይህን በተለመደው አማርኛ እንመልስ ብንል «በአንድ ዘር ውስጥ ያለው የዘር ልዩነት በዘሮች መካከል ካለው የዘር ልዩነት ይበልጣል» የሚል እናገኛለን። የጥናቱ ፍሬ ነገር የሰውን ልጅ በዘር መከፋፈል ከሥነ ሕይወት የሚያገኘው ድጋፍ እጅግ ትንሽ ነው የሚል ሲሆን፣ ትርጉሙ ግን በአራት ቦታ «ዘር» እያለ ያንኑ ክፍፍል ያጸናል።

ወደ አገራችን ስንመለስም ችግሩ ይጸናል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ከ68 ብሔረሰቦች የተውጣጡ 1,214 ኢትዮጵያውያንን የጂን መረጃ ከቋንቋቸው፣ ከሃይማኖታቸው፣ ከትውልድ ቦታቸውና ከባህላዊ ልማዶቻቸው ጋር አመሳክሯል። ባጠቃላይ የጂን ቅርበት ከቋንቋ ዝምድና ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ሆኖም በቋንቋ ምድብ በሚራራቁ ሕዝቦች መካከልም ጉልህ ቅርበት ተገኝቷል፤ ለዚህም በከፊል የቅርብ ዘመን መቀላቀል ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አጥኚዎቹ ያመለክታሉ። ይህን ለመናገር ቋንቋ፣ ባህል፣ ብሔረሰብና ጂን አራት የተለያዩ ነገሮች ሆነው መቆም አለባቸው። ብሔረሰብን «ዘር» ብሎ፣ ጂንንም «ዘር» ብሎ የጀመረ ተርጓሚ ሁለቱን ለማነጻጸር ቃል አይተርፈውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት እንኳ ስለ እኩልነት በሚናገረው አንቀጽ 25 ዘርን ከብሔርና ብሔረሰብ ለይቶ መዘርዘሩ ለዚህ ትምህርት ይሆናል።

፬. ስለ ቀረቡት መፍትሔዎች

ቃሉን ለመተካት የተደረጉ ሙከራዎች አሉ። ከእነዚህ ሁሉ የተስፋፋው «ዘረመል» ነው። በድምፁ ያማረ፣ ለመያዝም የሚቀል ቃል ነው። ሆኖም ሁለት ነቀፌታ አለን። አንደኛ፣ አንዱ ጸሐፊ ለጂን፣ ሌላው ለዲ ኤን ኤ፣ ሦስተኛው ለጥናት መስኩ ስለሚጠቀምበት ወሰን የለውም። ሁለተኛ፣ አንባቢ ሲሰማው «ዘር» እና «አመል» ተጋጥመው ይታዩታል፤ የሰው አመል ከዘሩ ነው የሚለውን ያረጀ ሐሳብ ለሳይንስ ቃልነት እናበቃዋለንን? «በራሂ» የሚለው ከዚህ ሐሜት ነጻ ነው፤ ነገር ግን ከባለሙያዎች ውጪ የሚያውቀው ጥቂት ነው።

በእኛ አስተያየት ለክፍሉ ራሱ «ጂን» የሚለው እንዳለ ቢወሰድ ይሻላል። ይህ ቋንቋን ማዋረድ ነው የሚሉ ይኖራሉ። እኛም አገርኛ ቃል መፍጠርን አንቃወምም። «ብዝሀ ሕይወት» የተሳካው ሁለቱ ቃላት ከሌላ ትርጉም ጋር ሳይጋጩ አዲስ ግንኙነት ስለ መሠረቱ ነው። «ልውጥ ሕያው» የሚለው የሕግ ቃልም እንዲሁ ነው። «ዘር» ግን ባዶ ቤት አይደለም፤ ነባር ነዋሪ አለው። «ቫይረስ» እና «ባክቴሪያ» አማርኛን እንዳላጠፉት ሁሉ «ጂን»ም አያጠፋውም።

ለተቀሩት የሚከተለውን እናቀርባለን። ከወላጅ ወደ ልጅ ለሚተላለፈው «ውርስ» እና «በውርስ የሚገኝ» ይባል። ውርስ የንብረት ቃል ነው የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል፤ ለእኛ ግን ይህ የቃሉ ብርታት ነው። ከአንድ አባት ልጆች አንዱ የሚወርሰውን ሌላው ላይወርስ እንደሚችል፣ የወረሰውም ሁሉ እንደማይጠቀምበት አንባቢ ያውቃል። ለበሽታ «በውርስ የሚገኝ ተጋላጭነት» ይባል፤ አምጪው ምክንያት ካለ በዚያው ዐረፍተ ነገር ይጠቀስ። የተጠናው ስብስብ «ሕዝብ» ወይም «ብሔረሰብ» ይባል። «ዘር» ለሰው መከፋፈያነት የሚገባው ስለ ክፍፍሉ አስተሳሰብ፣ ስለ ሕጉና ስለ ታሪኩ ሲነገር ብቻ ነው።

የቅርብ ዘመዱ «ዝርያ»ም ጥንቃቄ ይሻል። ዐረቢካ ከ120 በላይ ከሆኑት የቡና ወገኖች አንዱ ነው፤ 74110 የተባለው ደግሞ በዐረቢካ ውስጥ የተመረጠ ነው። ሁለቱም «ዝርያ» ከተባሉ አንባቢው አባትና ልጅን አይለይም። አንድ ጽሑፍ ቃሉን ለየትኛው ደረጃ እንደሚጠቀምበት ገና ከመነሻው መናገር ይኖርበታል።

ተርጓሚዎች የምርምር ማጠቃለያ ሲጨርሱ አንድ ቀላል ፈተና እንዲያደርጉ እንመክራለን። «ዘር» በተገኘበት ሁሉ የታሰበው ጽንሰ ሐሳብ ከዳር ይጻፍ። በአንድ ገጽ ላይ ከአንድ በላይ ከተገኘ ጽሑፉ ገና አልተተረጎመም። ማጠቃለያውም ወላይታ ውስጥ በቀይ አፈር ላይ ለሚኖር ቤተሰብ ይነበብ። ቤተሰቡ ለልጁ ጫማ መግዛት እንደሚጠቅም ከተረዳ ትርጉሙ ደርሷል፤ የዘሩን ዕጣ ብቻ ከሰማ ግን ሥራው እንደ አዲስ መጀመር አለበት።