ጧሪ፣ ቀባሪ፣ ተተኪ፤ ዕድሜ በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

ከአዲስ አበባ የመጣው መንገድ ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ደጀን ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያቀና ሌላው በብቸና በኩል ወደ ሞጣ ያመራል። የዲማ ጊዮርጊስ መንገደኛ ሁለተኛውን ይይዛል። ባንድ ወቅት እዚያ መኪና ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ሥራዬን እንኳ ሳይጠይቁ «ልጅ አለህ?» አሉኝ። አንድ እንዳለኝ፣ እሱም ሩቅ አገር እንደሚኖር ነገርኳቸው። «እንግዲያስ ለቀብርህ ከደረሰም ደግ ነው፤ ጧሪስ የለህም» ብለውኝ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

ይህን ጭውውት የሚያስታውሰኝ የተማሪዎቻችን የጥናት ወረቀት ነው። ልቦለድን በዕድሜ ሥነ-ልቦና ለመመርመር መነሣሣታቸው ደስ ያሰኛል። ዳሩ ግን ሥራው ብዙ ጊዜ ገጸ-ባሕርያትን በኤሪክ ኤሪክሰን ስምንት ደረጃዎች ላይ መደርደር ሆኖ ይቀራል። ደረጃው ሲታወቅ ሰውየው የታወቀ ይመስላቸዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» እንዲህ ላለው ንባብ እጁን አይሰጥም።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ልቦለድ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት በሃምሳዎቹ ዕድሜያቸው ነው። እኛ የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ የፍቅር ታሪክ አድርገን ብንይዘውም ትረካው ከወጣቶች አይነሣም። አስቀድመን የምናገኛቸው አፍላነት ያለፋቸውን የማንኩሳ ሰዎች፣ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን ነው። እሱ ዕድሜው እየገፋ የኔ የሚለው ጎጆ ያጣ፣ እሷ ባሎቿ እየሞቱባት «ገፊ» የተባለች ናት።

ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው «ልጅነትና ማኅበረሰብ» የጎልማሳነት ፈተና ተተኪን ኮትኩቶ ማሳደግ ወይም በራስ ታጥሮ መቅረት ነው ይላል። በዛብህ ሲወለድ የሁለቱ ፈተና የታለፈ ይመስላል። ነገር ግን እናቱ ልጇ እንዲያድግላት ለእግዚአብሔር ትሳለዋለች። ይህ የእናት ፍርሃት ነው በልጁ ላይ ዕዳ ሆኖ የሚቀመጠው። በዛብህ ኋላ ሲያፈቅር ከስሜቱ ጋር ብቻ አይታገልም፤ ከእናቱ ስለትም ጋር ይታገላል። የእሷን ደረጃ ለብቻ፣ የእሱን ለብቻ የሚለጥፍ ሐያሲ ይህን ውርስ ሊያየው አይችልም። ኤሪክሰን ራሱ የትውልዶችን መያያዝ አልሳተም፤ የሳትነው እኛ ነን።

ለሰብለ ወንጌል ደግሞ ይበልጥ የሚጠቅመን የበርኒስ ኒውጋርተን «ማኅበራዊ ሰዓት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኒውጋርተን እንዳስረዳችው፣ ለማግባትም ለመውለድም ኅብረተሰቡ የቆረጠው ጊዜ አለ፤ ሰውም ራሱን «ቀደምሁ» ወይም «ዘገየሁ» እያለ በዚያ ይለካል። የሰብለን ሰዓት የያዙት አባቷ ናቸው። ፊታውራሪ መሸሻ ዓመት ሳይሆን ዘር ይቆጥራሉ፤ ጠያቂው ሁሉ ከዘራቸው እያነሰባቸው ሲመለስ ልጃቸው ጊዜዋ ያልፋል። እርጅና በሰውነቷ ሳይሆን በሰው አፍ ይመጣባታል። በእኔ አስተያየት ለልቦለዶቻችን ንባብ ይህ ፅንሰ-ሐሳብ ከስምንቱ ደረጃዎች ሁሉ ይልቅ ይሠራል።

ፊታውራሪው ራሳቸውስ? ፖል ባልተስና ማርግሬት ባልተስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት መልካም እርጅና ጉልበት ሲቀንስ ዋናውን መርጦ መያዝ፣ በያዙት መበርታት፣ የጎደለውንም በሌላ መንገድ ማካካስ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ አንዱንም አያደርጉም። ገበሬው እምቢ ሲል እንደ ጎልማሳ ሊዘምቱበት ይነሣሉ፤ በአበጀ በለው እጅም ይወድቃሉ። ሐያሲያን ይህን የባላባት ሥርዓት ውድቀት አድርገው ማንበባቸው ትክክል ነው። እዚያው ውስጥ ግን ማርጀቱን ለራሱ ያልነገረ ሽማግሌ አለ፤ እሱን ብዙም አላየነውም።

የሚቀረው ጉዱ ካሣ ነው። ወጣቶቹን የሚመክርና የሚያስተምር፣ አባታቸው ያልሆነ ሰው ነው። ስለት አይሳልባቸውም፣ ዘር አይቆጥርባቸውም፤ እንዲጦሩትም አይጠይቅም። በኤሪክሰን ሚዛን ከልቦለዱ ጎልማሶች ሁሉ ተተኪ ያፈራው እሱ ነው፤ በአገሩ ሚዛን ግን እብድ ነው የተባለው።