ፍሬኑ በማን እግር ሥር ነው?

«ሪፍሬን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግሥ አብዛኞቻችን የምናውቀው ከማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። እባክዎ ከማጨስ፣ እባክዎ ፎቶ ከማንሳት… ትሕትና የተቀባ «ክልክል ነው»። መዝገበ ቃላቱም «መታቀብ፣ መቆጠብ» ብሎ ያሰናብተናል። አልተሳሳተም፤ ግን ዋናውን ነገር አስቀርቷል።

ዋናው ነገር ደግሞ ታክሲ ውስጥ አለ። ላቲኖች የፈረስ ልጓምን «ፍሬኑም» ይሉት ነበር። ጣልያን ቃሉን ወርሶ ለመኪና አዋለው፤ እኛም ከጣልያን ወስደን «ፍሬን» አልነው። የእንግሊዝኛው «ሪፍሬን» የተገኘውም ከዚሁ ልጓም ነው። የዘፈን አዝማች የሚባለው «ሪፍሬን» ግን መልኩ ነው እንጂ ዘሩ ሌላ ነው፤ እሱ «መስበር» ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ነው።

እንግዲህ «ሪፍሬን» ማለት ፍሬን መያዝ ነው፤ ያውም የራስን። በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሰው ምላሱን፣ እግሩን «ሪፍሬን» ያደርጋል፤ ልጓም የሚገባለት አካል በስሙ ይጠራል። ዛሬ ያ ተሳቢ ጠፍቶ «ከዚህ፣ ከዚያ» ብቻ ቀርቷል። «ሪስትሬን» ደግሞ ሌላ ነው፦ ፖሊስ ሰውን ይዞ ሲያቆም የሚነገረው እሱ ነው። «ሪፍሬን» ለማለት መኪናው መሄድ መቻል አለበት፤ ሾፌሩም መሄድ መፈለግ አለበት። የቆመ መኪና ውስጥ ፍሬን የረገጠ ሰው ምንም አላቆመም።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር (1945 እ.ኤ.አ.) በአንቀጽ 2 ንዑስ አንቀጽ 4 አባል አገራት በኃይል ከማስፈራራትና ኃይል ከመጠቀም እንዲታቀቡ ሲያዝ የመረጠው ይህንኑ ግሥ ነው። ቃሉ ጉልበት ላለው የተነገረ ነው። ስለዚህ የጣሰው አገር «ፍሬን እምቢ አለኝ» ብሎ አያመልጥም፤ እግሩ የራሱ ነው።

አማርኛ እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። «ተ» ድርጊቱን ለራስም ለሌላም ትሰጣለች። ሰውየው ከመናገር ተቆጠበ ስንል ራሱ ነው የቆጠበው፤ ገንዘቡ ተቆጠበ ስንል ግን የቆጠበው ሌላ ሰው ነው። «መታቀብ» እና «ማዕቀብ»ም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ግዕዙ «ዐቀበ» ጠበቀ ማለት ነው። አንዱ ራስህን የምትጠብቅበት፣ ሌላው ሌሎች አንተን የሚያስሩበት። ሁለቱ አንድ ቤት ማደጋቸው ያምራል፤ ግን ለመደባበቅም ይመቻል።

ዜና ላይ «አስተያየት ከመስጠት ተቆጥበዋል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እስቲ ልብ በሉት። ባለሥልጣኑ መልስ እያለው ዝም ሲል ተቆጠበ እንላለን። ሥራዬን አጣለሁ ብላ የፈራች ሠራተኛ ዝም ስትልም ተቆጠበች እንላለን። የመጀመሪያው የራሱን ፍሬን ይዟል። የሁለተኛዋን የያዘው ሌላ ነው። ለሁለቱም አንድ ቃል ስንሰጥ ፍርሃቷን ጨዋነት አድርገን እንጽፈዋለን፤ ያስፈራትም ሰው ከዓረፍተ ነገሩ በሰላም ይወጣል።

ቋንቋችን ቃል አላጣም። «ፈርታ ዝም አለች» አማርኛ ነው፤ «እንዳትናገር ተከለከለች»ም አማርኛ ነው። «ተቆጠበ»ን መናገር እየቻለ፣ እየፈለገም፣ በራሱ ፈቃድ ለተወው ሰው እናስቀምጠው። ያ ሰው ከባድ ነገር ነው ያደረገው፤ ቃሉ ይገባዋል።